አየርላንድ ሄዳችሁ ባህላዊ ሙዚቃውን የት ታገኙታላችሁ?

ይህ ለንደን ውስጥ ለጥቂት የጉዞ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን እንደ ልማዳችን በኛ ነው የጻፍኩት።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ደብሊን ሄዳችኋል። ከዚህ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። «የአይሪሽ ሙዚቃ ሰምተን መጣን» ያላችሁኝም ጥቂት አይደላችሁም። የት ሰማችሁ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ቴምፕል ባር የሚባለው የደብሊን የቱሪስት ሰፈር። ጊታር የያዘ ወጣት በማይክ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይዘፍናል። ቤቱ ሞልቷል፣ ቢራው ውድ ነው፣ ሰው ይጨፍራል። እዚያ የተደሰተ ሰው ደስታው ይባረክለት። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ ሙዚቃ ነው። ከዚያው ከቴምፕል ባር ወንዙን ተሻግሮ፣ በእግር ከግማሽ ሰዓት ባነሰ መንገድ የሚገኝ ሙዚቃ ነው። ቱሪስቱ ሁሉ አጠገቡ ደርሶ ሳይሰማው መመለሱ ያሳዝነኛል።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ሕያው ሆኖ የሚገኘው ሙዚቀኞቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ነው። ለተመልካች ተብሎ የተዘጋጀ መድረክ የለውም። እኛ አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንድንሰማ ይፈቀድልናል፣ በቃ። ፍለጋው፣ ሥነ ምግባሩ፣ የጉዞው ዕቅድ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሴሽን ይሉታል። ፐብ ውስጥ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ስድስት ሰባት ወንበር ተደርድሯል። ከምሽቱ ሦስት ተኩል ገደማ አንዲት ሴት የፊድል ሳጥን ይዛ ትገባለች። ፊድል የሚሉት ያው ቫዮሊኑን ነው። ትቀመጣለች፣ የምትጠጣውን ታዛለች፣ ከአስተናጋጁ ጋር ስለ ዝናቡ ታወራለች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ የእንጨት ፍሉታቸውን ከኮታቸው ኪስ እያወጡ ይገጣጥማሉ። አኮርዲዮን ይመጣል። ኮንሰርቲና ይመጣል፤ በሁለት እጅ መሃል የሚያዝ፣ ባለ ስድስት ጎን ትንሽ ሳጥን ነው። ባንጆም አይጠፋም። አንዳንዴ ኢለን ፓይፕ የሚባለውን፣ በከረጢት አየር የሚሠራ የአየርላንድ ባግፓይፕ የሚጫወት ሰው ይገኛል፤ ያን ቀን ዕድለኛ ናችሁ። እንደ ስኮትላንዱ ባግፓይፕ በአፍ አይነፋም። አየሩን የሚሞላው በክንድ ሥር የታሰረ ወናፍ ነው፤ ስለዚህ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ ሲፈልግ ደግሞ ያለቅሳል። ዩኔስኮ በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ማንም «ክቡራትና ክቡራን» ብሎ አይጀምርም። ወሬው መሃል አንዱ ዜማ ይነሳል። ሌሎቹ ያውቁት እንደሆነ ይከተላሉ፤ ካላወቁት ዝም ብለው ያዳምጣሉ። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለቴ ይደገማል፤ ዜማው በሙሉ ብዙ ጊዜ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ሳያቆሙ፣ በዓይን ጥቅሻ ብቻ፣ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ። ያቺ የመሻገሪያ ቅጽበት ናት ቤቱን በሙሉ ከፍ የምታደርገው። ቅኝቱ ይቀየራል፣ አንዱ «ሃፕ!» ይላል፣ እግር ወለሉን ይመታል። ሁለት ሦስት ዜማ እንዲህ ተያይዞ ያልቃል። ከዚያ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ኖታ የያዘ ሰው አታዩም። ሁሉም በቃል ነው። የዜማው ብዛት ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ፍራንሲስ ኦኒል የሚባል የኮርክ ተወላጅ የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ ነበረ። ከስደተኛ ወገኖቹ የሰበሰበውን በ1903 ሲያሳትም 1,850 ዜማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ብዙ ነው። ጥሩ ተጫዋች መቶዎቹን በጭንቅላቱ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው ሴሽን ሲገባ መጀመሪያ ግር ይለዋል። አዝማሪው ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። መልካችሁን አይቶ ይገጥምላችኋል፣ እናንተም ትሸልማላችሁ። ሴሽን ላይ ደግሞ ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋችሁ ነው የሚቀመጡት። ይሄ ንቀት አይደለም። የሚጫወቱት ለጠረጴዛው ነው። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር የለም፣ በሰው መሃል የሚዞር ኮፍያም የለም። ብዙ ቤቶች ሴሽኑን የሚመሩትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በገንዘብ ይቀጥራሉ። የተቀረው በፍቅር የመጣ ነው፤ የቀን ሥራው አናጺነት፣ መምህርነት ወይም ነርስነት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የምትወስዱት ትልቁ የፍለጋ ምክር ይህ ነው፦ ሙዚቃው የሚጣበቀው በሰውና በቀን ነው፣ በሕንጻ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ልባችሁን የሰረቀው ቤት ረቡዕ ብትመለሱ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ጥሩ ሙዚቃ ያለው የት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዛሬ ማታ ማን ይጫወታል?» በሉ። ጥያቄው ሲቀየር የሚመልስላችሁ ሰው ፊቱ ይለወጣል። የምር ልትሰሙ እንደመጣችሁ ይገባዋል።

የሴሽንን ታሪክም ትንሽ ልንካው፤ በተለይ ለኛ ለስደተኞቹ ደስ የሚል ነገር አለበት። ብዙ ሰው ፐብ ውስጥ ተቀምጦ መጫወት ከጥንት የመጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ድሮ ሙዚቃው የነበረው ገጠር ቤት ውስጥ፣ ማዕድ ቤት ምድጃ ዳር ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይጨፍራል። በ1935 መንግሥት የሕዝብ ጭፈራን በፈቃድ ብቻ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ቄሶቹና ፖሊሶቹም ሕጉን የቤት ጭፈራን ለመከልከል ተጠቀሙበት። ቀጥሎ ስደቱ ባሰ። በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400 ሺህ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። አብዛኛው የመጣው ወደ እንግሊዝ ነበር፤ ለግንባታ ሥራ፣ ለሆስፒታል ሥራ።

እዚህ ለንደን ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የግንባታ ሠራተኛ ማዕድ ቤት የለውም። ፊድሉን የት ይጫወት? ካምደን ታውን ወዳሉት ፐቦች ይዞት ወጣ። አገር ቤት ቢሆኑ በሕይወታቸው የማይገናኙ የክሌር፣ የስላይጎ፣ የኬሪ፣ የጎልዌይ ክፍለ ሀገር ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኙ። ዛሬ አየርላንድ ሄደን የምንፈልገው ሴሽን ያደገው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ኬንቲሽ ታውን ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ሰፈር ውስጥ።

አገር ቤትም በ1951 ኮልታስ የተባለው የሙዚቀኞች ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ማሊንጋር ከተማ ላይ የመጀመሪያው ፍላ ክዮል ተካሄደ። ፍላ ክዮል የሙዚቃ ውድድርም በዓልም ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስደት ያደረገው ይህን ብቻ አይደለም። ማይክል ኮልማን የሚባል የስላይጎ ፊድል ተጫዋች በ1914 አሜሪካ ገባ። በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላዎቹ ባሕር ተሻግረው ተመለሱ፤ አየርላንድ ውስጥ የነበሩ ተጫዋቾች እሱን እየሰሙ አጨዋወታቸውን ለወጡ። እሱ ራሱ በ1945 እዚያው ኒው ዮርክ ሞተ። አሁን ኪላቪል በተባለው የትውልድ አካባቢው ብታልፉ ስሙን የማያነሳ ሙዚቀኛ አታገኙም።

እንግዲህ ወደ ጉዞው እንግባ። ከደብሊን ልጀምር፤ ብዙዎቻችሁ የምታርፉት እዚያ ነው።

ስሚዝፊልድ አደባባይ ጥግ ላይ ኮብልስቶን የሚባል ፐብ አለ። ከበሩ እንደገባችሁ ጥግ ላይ ሙዚቀኞቹ ይቀመጣሉ። ከኋላ ሌላ አዳራሽ አለው፤ ኮንሰርትና ትምህርት የሚካሄድበት። በ2021 አንድ አልሚ ቦታው ላይ ትልቅ ሆቴል ለመገንባት ፈቃድ ጠየቀ። የፊቱ ፐብ ሳይፈርስ ይቆይ ነበር፤ የኋላው አዳራሽ ግን ይጠፋ ነበር። የከተማው ሰው ተቆጣ። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመ። በኖቬምበር የከተማው ምክር ቤት ፈቃዱን ከለከለ። ይህን የምነግራችሁ ቦታው ለምን እንደሚከበር እንድታውቁ ነው። አዳራሹ ከጠፋ ልጆች የሚማሩበት ይጠፋል፤ ልጆች ካልተማሩ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥጉ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም። ወደዚያ ስትሄዱ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከሙዚቀኞቹ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ወሬ ቀንሱ፤ ማውራት ከፈለጋችሁ ወደ ባንኮኒው ጫፍ ፈቀቅ በሉ።

ደብሊን ውስጥ ሁለት ሌሎች ቦታዎችም አሉ፤ ፐብ አይደሉም። ሄንሪየታ ጎዳና ላይ በ1968 የተመሠረተው የኢለን ፓይፕ ተጫዋቾች ማኅበር ቤት አለ። ሜሪየን አደባባይ ላይ ደግሞ በ1987 የተቋቋመው የባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት አለ። መጠጥ ቤት መግባት የማይፈልግ ሰው በሁለቱም ብዙ ያገኛል። እኔ በበኩሌ ማታ የምሰማውን የክፍለ ሀገር አጨዋወት ቀን ላይ በአሮጌ ቅጂ ሰምቼ መሄድ እወዳለሁ። ጆሮ ይከፍታል።

ጎልዌይን በአጭሩ ልለፈው። ከተማው የተማሪና የቱሪስት ነው፤ ሙዚቃ በየቀኑ አለ። ቲግ ኮሊ ውስጥ አመሻሽ ላይም ማታም ይጫወታሉ፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፣ ቆማችሁ ነው የምትሰሙት። ሲ ሮድ ላይ ያለው ክሬን ባር ለማዳመጥ ይሻላል። ጊዜ ያነሰው ሰው ጎልዌይ ቢያድር አያጣም። ጊዜ ያለው ግን ወደ ደቡብ ይውረድ፤ ክሌር ይግባ።

ስለ ክሌር ረዘም አድርጌ ባወራ ይቅር በሉኝ። ለኔ የዚህ ሙዚቃ ልቡ እዚያ ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ዱሊንን ነው። የሞኸር ገደሎች አጠገብ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ናት። ዝናዋ የመጣው በዋናነት ከሦስት ወንድማማቾች ነው፤ ራስሎች። ከሦስቱ ማይኮ ራስል የሚባሉት ቲን ዊስል የሚባለውን ትንሽ የቆርቆሮ ዋሽንት ይጫወቱ ነበር። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልተጨናነቀ አጨዋወት ነበራቸው። በ1994 አረፉ፤ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ በስማቸው ዝግጅት አለ። በበጋ ዱሊን በአውቶቡስ በመጣ ሰው ትሞላለች፤ አንዳንድ ቤትም ሙዚቀኞቹ በማይክ ለመጫወት ይገደዳሉ። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ዱሊንን በክረምታቸው ሂዱባት። ነፋሱ ከባድ ነው፣ ገደሎቹን በጭጋግ ላታዩ ትችላላችሁ። ማታ ግን ፐብ ውስጥ ያለው ሰው የአገሩ ሰው ነው።

የምሥራቅ ክሌር አጨዋወት ሌላ ዓለም ነው። ፊክል የምትባል መንደር አለች፤ ፔፐርስ የሚባል ያረጀ ፐብ አላት። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ፊድል ተጫዋች ማርቲን ሄይስ ያደገው እዚያው አካባቢ ነው። የዚህ አካባቢ ሰዎች አይቸኩሉም። ዜማው ዝግ ይላል፣ ትንሽ ሐዘን አለበት፤ ከዚያው ሐዘን ውስጥ ግን እግርን የሚያነሳ ነገር ይወጣል። ሌላ ቦታ በፍጥነት የሰማችሁትን ያንኑ ዜማ እዚህ ስትሰሙት አዲስ ይሆንባችኋል። ፊክል ኦገስት ላይ የራሷ የሙዚቃ በዓል አላት፤ ትልቅ አይደለም፣ እኔ ከትልልቆቹ አስበልጠዋለሁ።

ከክሌር ከተሞች ለማረፊያ ኤኒስን ምረጡ። ባቡር ይደርሳታል፣ ከሻነን አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ናት። ከጎልዌይ በዱሊን በኩል የሚመጣው 350 ቁጥር አውቶቡስም መጨረሻው እዚያ ነው። ከተማዋ ውስጥ ከስቲስ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ አለ። ገብታችሁ «ዛሬ ማታ ማን ይጫወታል?» በሉ። የትም ከተማ ብትሄዱ ይህን አድርጉ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ከምትጠይቁ መሣሪያ የሚሸጠውን ወይም የሚጠግነውን ሰው ጠይቁ። እሱ ራሱ ይጫወታል፣ ካልሆነም የሚጫወተውን ያውቃል።

ከዚያ ሚልታውን ማልቤይ አለች። ዊሊ ክላንሲ የሚባሉ የኢለን ፓይፕ ሊቅ የዚህች ከተማ ሰው ነበሩ። በ1973 መጀመሪያ ላይ አረፉ፤ በዚያው ዓመት ወዳጆቻቸው በስማቸው የበጋ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሳምንት ይካሄዳል፤ እስካሁን አልተቋረጠም ማለት ይቻላል። ጠዋት ክፍል ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው መምህር ከጃፓን የመጣ ወጣትና የመንደሩን የአሥር ዓመት ልጅ አንድ ላይ ያስተምራሉ። ከሰዓት በኋላ ንግግርና ኮንሰርት አለ። ማታ ከተማዋ በሙሉ ትጫወታለች፤ ፐብ ውስጥ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ የመኪና ኮፈን ላይ ተቀምጦ። መጫወት የማትችሉም ብትሆኑ ሂዱ። ማደሪያ ግን ከወራት በፊት ያዙ። አለበለዚያ ድንኳን ነው።

ከክሌር ውጭ ሁለት ቦታ ብቻ ልጨምር፤ ምክንያቱም አጨዋወቱ ፈጽሞ ይለያል። የኬሪና የኮርክ ድንበር ላይ ስሊቭ ሉክራ የሚሉት ገጠር አለ። እዚያ የሚነግሡት ፖልካና ስላይድ የሚባሉ የጭፈራ ምቶች ናቸው። ፓትሪክ ኦኪፍ የሚባሉ ፊድል አስተማሪ ከቤት ቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ ኖረው በ1963 አረፉ። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች አብዛኞቹ የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ሰሜን ምዕራብ ያለው ዶኒጎል ነው። የዶኒጎል ሰዎች ለወቅቱ ሥራ ስኮትላንድ እየተመላለሱ ከዚያ ብዙ ወስደዋል። ቀስቱ ስል ነው፣ ጌጡ ጥቂት ነው፣ ፍጥነቱ ከባድ ነው። ቡንቤግ ላይ ቻኽ ሁዲ ቤግ የሚባለውን ቤት ፈልጉ። አካባቢው የአይሪሽ ቋንቋ የሚነገርበት ነው፤ አስተናጋጁ ደንበኞቹን በዚያ ቋንቋ ሲያናግር ትሰማላችሁ።

ቤልፋስትም አትረሳ። ኬሊስ ሴላርስ ከ1720 ጀምሮ የቆመ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትገቡ አታፍሩም። ማደንስ የሚባለው ፐብም ቅርብ ነው።

አሁን ስለ ሥነ ምግባሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ሰው ብቻውን አንድ ምሽት ሊያበላሽ ስለሚችል ነው።

ባዶ ወንበር ከሙዚቀኞቹ መሃል ካያችሁ አትቀመጡበት። ሰው ይጠበቃል። መቅረጽ ካማራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ስልክ ፊታቸው ላይ ሲደቀን ግን ይሸማቀቃሉ። ዜማ አትዘዙ፤ በተለይ ከፊልም የምታውቁትን ዘፈን። አንድ ዙር ዜማ ሲያልቅ ማጨብጨብ ጥሩ ነው። መሃል ላይ በእጅ ምት እየመታችሁ መከተል ግን አይመከርም፤ ምቱን ያዛባባቸዋል። ቦውራን የሚባለውን ከበሮ ገዝታችሁ ያው ማታ ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ጠረጴዛ አንድ ቦውራን ይበቃዋል፤ እሱም በሚያውቅበት እጅ።

መጫወት የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ከሳጥናችሁ ጋር ዳር ተቀመጡ። ያዩታል። «ትጫወታለህ?» ይላሉ። ከዚያ ወንበር ይሳባል። ስትገቡ የምታውቁትን ብቻ ተጫወቱ፤ የማታውቁት ሲመጣ መሣሪያውን ጭናችሁ ላይ አሳርፉት። ማንም አይታዘባችሁም፤ እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ስለ ዘፈኑ ልናገር። ዜማ ሲጫወቱ ዝግ ብሎ ማውራት ይቻላል፤ የአገሩም ሰው ያወራል። ሰው ሲዘፍን ግን ፍጹም ጸጥታ ነው። ሻን ኖስ የሚባል የዘፈን ስልት አላቸው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ ብዙ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። ዜማው በየመስመሩ ይሽከረከራል፤ ቁና ቁና በሚያስተነፍስ ስሜት ሳይሆን በተያዘ ስሜት። ግጥሙ ረጅም ነው፤ የመርከብ መስጠም፣ የተለየች ፍቅረኛ፣ የተነቀለ ቤት። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እጁን ይይዝለትና ከዜማው ጋር ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። በየመሃሉ ከአድማጩ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ የማበረታቻ ቃል ይጥላል። ቋንቋውን አንድ ቃል ባታውቁትም ይገባችኋል። ያን ጊዜ አስተናጋጁ እንኳ ብርጭቆ ማጠብ ያቆማል፤ እናንተም መጠጥ ለማዘዝ አትነሱ።

«እኔ አልጠጣም፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ፐብ ምን ልሠራ ነው?» የምትሉ አላችሁ፤ ደጋግሜ ተጠይቄያለሁ። ሻይ እዘዙ። ለስላሳ እዘዙ። ከሙዚቀኞቹም ብዙዎቹ ሌሊቱን በሻይ ነው የሚያሳልፉት። ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ሰው ምን እንደጠጣችሁ ከሚያስተውለው ይልቅ ማዳመጣችሁን ያስተውላል። ትንሽ መንደር ውስጥ ጥቁር እንግዳ ብቻውን ሲገባ ዓይን መሳቡ አይቀርም። እኔ የገጠመኝ «ከየት ነህ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ኢትዮጵያ ስል ወንበር ሳቡልኝ፣ ወሬው እስከ መዝጊያ ቀጠለ።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዓቱን ልብ በሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ፐብ ውስጥ መቆየት በሕግ አይፈቀድለትም፤ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር እስከ አራት ሰዓት ነው። ለቤተሰብ የእሁድ ከሰዓት በኋላ ሴሽንና በዓላቱ ይሻላሉ። በተለይ ፍላ ክዮል። ኦገስት ላይ በየጊዜው በተለያየ ከተማ የሚካሄድ ነው፤ የ2024ና የ2025ቱ ዌክስፎርድ ነበር፣ የ2026 ተረኛ ቤልፋስት ናት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መድረክ ላይ ይወዳደራሉ፤ ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሲጫወቱ ታገኟቸዋላችሁ። ልጃችሁ እኩያውን ፊድል ይዞ ሲያይ የሚሰማውን እኔ መናገር አልችልም፤ ወስዳችሁ አሳዩት።

የማርች 17ቱን የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ግን ለዚህ ሙዚቃ ብላችሁ አትምረጡት። ጭፈራውና ሰልፉ ደስ ይላል። ቤቶቹ ሁሉ ስለሚጨናነቁ ተረጋግቶ የሚሰማ ነገር ማግኘት ይከብዳል። እኔ ብጠየቅ ኖቬምበርን እመርጣለሁ። ኤኒስ ያኔ የራሷ ፌስቲቫል አላት፤ ቱሪስቱ ሄዷል፣ ማደሪያው ረክሷል፣ ሙዚቀኛው ቤቱ ነው።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ የእንግሊዝ ቪዛም ሆነ የሼንገን ቪዛ ለአየርላንድ አይሠራላችሁም፤ ለብቻው ቪዛ ማውጣት ያስፈልጋል። ቤልፋስት ግን የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ስለሆነች ከዚህ የምትሄዱት ያለ አየርላንድ ቪዛ ነው። ስለዚህ የአየርላንድ ቪዛ ገና ያላወጣችሁ ከቤልፋስት ጀምሩ። ድንበሩን ግን በስህተት እንዳትሻገሩ፤ መንገዱ ላይ ኬላ ስለሌለ በቀላሉ ያልፋችኋል።

ገጠር የምትወርዱ ደግሞ ሙዚቃው ባለበት መንደር እደሩ። ማታ አውቶቡስ የለም፣ ታክሲም በስንት ልመና ነው። ሴሽኑ የሚሞቀው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው፤ የመጨረሻ አውቶቡስ የምትጠብቁ ከሆነ ሲሞቅ ትወጣላችሁ። አንድ ሳምንት ካላችሁ አምስት ከተማ አትዙሩ። ሁለት መንደር ይበቃል። ሦስተኛው ማታ ላይ በስም ይጠሯችኋል፤ ሐሙስ ዕለት ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ቤት ልደት እንዳለ ይነግሯችኋል። ማስታወቂያ ላይ የማይወጣው ሙዚቃ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በኢንተርኔት መፈለግ ለምትፈልጉ ዘ ሴሽን የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ሙዚቀኞች ራሳቸው የሚሞሉት ነው። በየአገሩ የትኛው ቤት በየትኛው ቀን እንደሚጫወት ይዘረዝራል። መረጃው ሊያረጅ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ቤቱ ደውላችሁ አረጋግጡ። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ላይ ለንደንን ፈልጉ። ካትፎርድ አጠገብ ያለው ብላይዝ ሂል ታቨርን ለዓመታት ሴሽን ሲያስተናግድ የኖረ ቤት ነው፤ በባቡር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዛሬ ከናንተ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጥ መጀመር የሚፈልግ ካለ ንግግሩ ሲያልቅ በሩ ጋ ያግኘኝ። የሚቀጥለውን ሴሽን ደውለን እናረጋግጥና አብረን እንሄዳለን።